800 ዲግሪ የሚችል ኤሌክትሮድ፦ ለሶው ሴንሰር ስስ ፊልም አመራረጥ፣ አሠራርና አፈታተን

መጀመሪያ የሠራሁት የፕላቲነም ኤሌክትሮድ ከምድጃ የወጣበት ቀን አይረሳኝም። ሲገባ እንደ መስታወት ያበራ ነበር። ሲወጣ ግራጫ ሆኗል። ማይክሮስኮፕ ስር አስገብቼ ሳየው የተዘረጋ ፊልም የሚባል ነገር የለም። ሣር ላይ እንዳደረ ጤዛ፣ ብረቱ ጠብታ ጠብታ ሆኖ ክሪስታሉ ላይ ተበትኗል። ምድጃው የደረሰው 800 ዲግሪ ሴልሺየስ ነው። ፕላቲነም የሚቀልጠው ደግሞ 1,768 ዲግሪ ላይ ነው። ወደ ሺህ ዲግሪ የሚጠጋ ርቀት እያለ ብረቱ እንደ ውሃ ተንጠባጥቧል።

ከዚያ ወዲህ ብዙ ናሙና ምድጃ ውስጥ አስገብቼ አውጥቻለሁ። ይህን የምጽፈው ሥራውን አሁን ለሚጀምር ሰው ነው። አንድ ነገር ከወዲሁ ያዙልኝ፦ የብረቱን መቅለጫ ሙቀት ብቻ አይታችሁ ኤሌክትሮድ አትምረጡ። ውፍረቱ 100 ናኖሜትር የሆነ ፊልም መቅለጫው ጋ ሳይደርስ ገና መንገድ ላይ ይሞታል። ሥራችን ሁሉ ያንን ሞት ማዘግየት ነው።

ሶው ሴንሰር በአጭሩ

ሶው የምንለው የገጽ አኮስቲክ ሞገድን ነው። በጠጣር ነገር ገጽ ላይ እየተንሸራተተ የሚሄድ ንዝረት ነው። የእንግሊዙ የፊዚክስ ሊቅ ሎርድ ሬይሊ እንዲህ ያለ ሞገድ እንደሚኖር በሒሳብ ያሳዩት በ1885 ነው። በ1965 ደግሞ ዋይትና ቮልትመር የተባሉ ተመራማሪዎች በካሊፎርኒያ፣ በርክሌይ፣ ሞገዱን በቀላሉ ማስነሻ ዘዴ አወጡ። ፒዞኤሌክትሪክ ክሪስታል (ቮልቴጅ ሲሰጠው ቅርጹ የሚለወጥ) ላይ ሁለት የብረት ማበጠሪያዎች ጥርስ ለጥርስ ተጠላልፈው ይታተማሉ። ጥርሶቹን ጣት እንላቸዋለን፤ ኤሌክትሮዱ እነሱ ናቸው። ቮልቴጅ ሲሰጣቸው ክሪስታሉ ይርገበገብና ሞገዱ ይነሳል።

ሙቀት ሲለወጥ የሞገዱ ፍጥነት ይለወጣል። ፍሪኩዌንሲውም አብሮ ይሄዳል። ያንን ለውጥ በአንቴና ከርቀት ማንበብ ይቻላል። ሴንሰሩ ባትሪ የለውም፣ የሲሊከን ቺፕም የለውም። ስለዚህ ሽቦ መዘርጋት በማይቻልበት ቦታ ይፈለጋል፤ ለምሳሌ የጋዝ ተርባይን ውስጥ፣ የሚሽከረከር ምላጭ ላይ።

ክሪስታሉ ሙቀቱን ይችላል። ብዙ ጊዜ ቀድመው የሚወድቁት ጣቶቹ ናቸው።

ደረጃ 1፦ ሦስት ጥያቄ ጻፉና መልሱ

ከፍተኛው ሙቀት ስንት ነው? በዙሪያው ያለው ጋዝ ምንድን ነው? ስንት ሰዓት መቆየት አለበት?

“800 ዲግሪ” ብቻ የሚል መልስ አይበቃም። ለአሥር ደቂቃ ነው ወይስ ለወራት? አየር ነው ወይስ ቫክዩም? እየሞቀ እየቀዘቀዘ ነው ወይስ አንዴ ሞቆ የሚቆይ? ቱንግስተን ቫክዩም ውስጥ የሚደነቅ ኤሌክትሮድ ነው። ያው ፊልም በጋለ አየር ውስጥ ሳይውል ሳያድር ኦክሳይድ ሆኖ ያልቃል። ወረቀቱን ጠረጴዛችሁ ፊት ለጥፉት። በኋላ የምትወስኑት ሁሉ ወደዚያ ወረቀት ይመለሳል።

ደረጃ 2፦ ክሪስታሉን ምረጡ

እዚህ ላይ ብዙ አልቆይም። ተራ ኳርትዝ 573 ዲግሪ ላይ የክሪስታል ቅርጹን ይለውጣል፤ እዚያ ሳትደርሱ ተዉት። ሊቲየም ናዮቤት ከጥቂት መቶ ዲግሪ በላይ ለረጅም ጊዜ አይታመንም። ለ800 ዲግሪ ሥራ በጣም የተለመደው ላንጋሳይት ነው። ከላንታነም፣ ከጋሊየም፣ ከሲሊከንና ከኦክስጅን የተሠራ ክሪስታል ነው። 1,470 ዲግሪ ገደማ ላይ እስኪቀልጥ ድረስ ቅርጹን አይለውጥም። ሌላም ጥሩ ጠባይ አለው። ሲሞቅና ሲቀዘቅዝ እንደ ሊቲየም ናዮቤት በገጹ ላይ ቻርጅ አያጠራቅምም። ስለዚህ በጣቶቹ መካከል ብልጭታ ተነስቶ ጣት አይቆርጥም።

በጀርመን፣ ድሬስደን፣ ያሉ ተመራማሪዎች የላንጋሳይት ዘመድ የሆነ፣ ካልሲየምና ታንታለም የገባበት ክሪስታል ይጠቀማሉ። በፈረንሳይ፣ ናንሲ፣ ደግሞ ሳፋየር ላይ በተዘረጋ አሉሚኒየም ናይትራይድ ብዙ ተሠርቷል። ከዚህ በታች ያለው ላንጋሳይትን ታሳቢ ያደርጋል።

ደረጃ 3፦ ፍሪኩዌንሲውን ዝቅ አድርጉ

በተለመደው የላንጋሳይት ቁራጭ ላይ ሞገዱ በሰከንድ 2,700 ሜትር ገደማ ይሄዳል። ፍጥነቱን ለፍሪኩዌንሲው ስታካፍሉ የሞገዱን ርዝመት ታገኛላችሁ። የጣት ስፋት የሞገዱ ርዝመት አንድ አራተኛ ነው። በ434 ሜጋኸርዝ መሥራት ብትፈልጉ የሞገዱ ርዝመት 6.2 ማይክሮን፣ ጣቱ 1.55 ማይክሮን ይሆናል። የሞገዱን ርዝመት 12 ማይክሮን ብታደርጉት ጣቱ 3 ማይክሮን፣ ፍሪኩዌንሲው 225 ሜጋኸርዝ ገደማ ይሆናል።

ለመጀመሪያ ሥራ ሁለተኛውን ምረጡ። ጣቱ ሲሰፋ ቀዳዳ ቢወጣበት እንኳ የኤሌክትሪክ ጅረቱ የሚዞርበት መንገድ ይኖረዋል። ፊልሙንም ማወፈር ትችላላችሁ። ያወፈራችሁት ፊልም ደግሞ ረጅም ዕድሜ አለው። አንቴናው ይተልቃል፤ እሱን ለኋላ አቆዩት። መጀመሪያ በሕይወት የሚቆይ ኤሌክትሮድ ይኑራችሁ።

አሁኑኑ አንድ ስሌት ሥሩ። ጣቱ 3 ማይክሮን ስፋት፣ 600 ማይክሮን ርዝመት ካለው በርዝመቱ፣ ጎናቸው ከጣቱ ስፋት እኩል የሆነ 200 ካሬዎች ይደረደሩበታል። ፊልሙ በካሬ 2 ኦም ቢኖረው አንድ ጣት 400 ኦም ነው። በዚያ ላይ የንጹሕ ፕላቲነም ሬዚስታንስ ከክፍል ሙቀት ወደ 800 ዲግሪ ሲወጣ 3.5 እጥፍ አካባቢ ያድጋል። 400 የነበረው 1,400 ኦም ሆነ ማለት ነው። ጣቶቹ ጎን ለጎን ስለተያያዙ ጠቅላላው ይቀንሳል። ቢሆንም የጣት ርዝመት ላይ አትለግሱ። ዲዛይኑን የምትሠሩት በጋለው ሬዚስታንስ እንጂ በቀዝቃዛው አይደለም።

ደረጃ 4፦ ብረቱን ምረጡ

የሥራው እምብርት እዚህ ነው።

አንድ ቀላል መለኪያ አለ። የብረቱን መቅለጫ ወደ ኬልቪን ቀይሩ፤ ማለትም በሴልሺየሱ ላይ 273 ጨምሩ። ለሁለት ክፈሉ። መልሱን ወደ ሴልሺየስ መልሱ። አቶሞቹ ከቦታቸው ተነስተው መንከራተት የሚጀምሩት እዚያ አካባቢ ነው ብላችሁ ያዙ። የታማን ሙቀት ይባላል። ለአሉሚኒየም 194 ዲግሪ ገደማ ይመጣል። ለወርቅ 395። ለፕላቲነም 748። ለሮዲየም 845። ለኢሪዲየም 1,086። ግምት ነው፤ ሕግ አይደለም። ግን ይሠራል። ያ የመጀመሪያው ፊልሜ 800 ላይ ጤዛ መሆኑ ከዚህ ስሌት ጋር ቁጭ ይላል። ስሌቱን አስቀድሜ ሠርቼ ቢሆን ኖሮ አንድ ዋፈር (ሴንሰሩ የሚሠራበት ስስ የክሪስታል ሰሌዳ) ይተርፈኝ ነበር።

ጤዛው የሚመጣው እንዲህ ነው። ፊልሙ ከጥቃቅን የክሪስታል ቅንጣቶች የተሠራ ነው። ሁለት ቅንጣት በሚገናኝበት ድንበር ላይ፣ ሲሞቅ፣ ቦይ ይቆፈራል። ሦስት ቅንጣት የሚገናኝበት ቦታ ላይ ቦዩ ይጠልቃል። የፊልሙ ውፍረት 100 ናኖሜትር ብቻ ስለሆነ ቦዩ ብዙም ሳይቆይ ክሪስታሉ ጋ ይደርሳል። ያኔ ቀዳዳ ይከፈታል። በዚህ ሰዓት ፊልሙን በማይክሮስኮፕ ብታዩት የእንጀራ ዓይን ይመስላል። ጥቂት፣ ክብ፣ ተራርቆ። እንጀራ ላይ ዓይን ሲበዛ ደስ ይላል። እዚህ ግን እያንዳንዱ ዓይን ይሰፋል፣ ከጎረቤቱ ጋር ይገናኛል፣ በመጨረሻ ብረቱ ደሴት ደሴት ሆኖ ይቀራል። ቅባት የነካው ምጣድ ላይ ውሃ ብትረጩ ተሰብስቦ ኳስ ኳስ የሚለው በዚሁ ምክንያት ነው። ብረቱ ከክሪስታሉ ጋር ከመነካካት በራሱ ላይ መሰብሰብን ይመርጣል።

ሌላው ችግር ጭነት ነው። ፕላቲነም ሲሞቅ ከላንጋሳይት በላይ ይለጠጣል። ክሪስታሉ ስለያዘው መውጫ ያጣና እየታመቀ ጉብታ ያወጣል። ሁለት ጣት መካከል የበቀለ ጉብታ ሾርት ሊያደርግ ይችላል።

አሁን እጩዎቹን እንይ።

አሉሚኒየም ቀላል ነው፣ ርካሽ ነው፣ በሞባይል ስልክ ፊልተሮች ውስጥ ለዓመታት ያገለገለ ነው። 660 ዲግሪ ላይ ይቀልጣል። ከ200 ወይም ከ300 ዲግሪ በላይ ላለ ሥራ አታስቡት። ወርቅም ለዚህ አይሆንም።

ንጹሕ ፕላቲነም እስከ 600 ዲግሪ ደህና ነው። 700 አካባቢ ያስጨንቃል። ትልቁ ጥቅሙ ኦክስጅን አለመፍራቱ ነው። ጉዳቱ ክብደቱ ነው፤ እፍጋቱ የአሉሚኒየምን ስምንት እጥፍ ያህል ነው። ሞገዱን በእያንዳንዱ ጣት ላይ አጥብቆ ያንጸባርቃል። ዲዛይናችሁ ለአሉሚኒየም የተሠራ ከሆነ እንዳለ መገልበጥ አይቻልም።

ፕላቲነምና ሮዲየም ከዚርኮኒያ ጋር። እኔ የምመክረው ይህን ነው። በአሜሪካ የሜይን ዩኒቨርሲቲ ፕሮፌሰር ማውሪሲዮ ፔሬራ ዳ ኩኛና ባልደረቦቻቸው ያዳበሩት ሐሳብ ነው። 10 በመቶ ሮዲየም ያለው ፕላቲነም ከዚርኮኒየም ኦክሳይድ፣ ማለትም ከዚርኮኒያ፣ ጋር አብሮ ይዘረጋል። ሮዲየሙ መቅለጫውን ከፍ ያደርጋል። ዋናውን ሥራ የሚሠራው ግን ዚርኮኒያው ነው። ጥቃቅን የዚርኮኒያ ፍሬዎች የቅንጣቶቹ ድንበር ላይ ይቀመጣሉ። ዳገት ላይ የቆመ መኪና ጎማ ስር ታኮ እንደሚደረገው ነው። ድንበሩ ሊንቀሳቀስ ሲል ፍሬው ይይዘዋል። ቅንጣቶቹ አያድጉም፣ ቦዩ አይጠልቅም። በዚህ ዓይነት ፊልም ላንጋሳይት ላይ የተሠሩ ሴንሰሮች 800 ዲግሪ ላይ ለወራት ሠርተዋል። ዋጋው ሬዚስታንስ ነው። ዚርኮኒያ ጅረት አያሳልፍም፤ ድርሻው ሲበዛ ጅረቱ በፊልሙ ለማለፍ ይከብደዋል።

ኢሪዲየም መቅለጫው 2,446 ዲግሪ ነው። በቁጥር ቢታይ ሁሉንም ያስንቃል። ጋለ አየር ውስጥ ግን ኦክሳይድ ይሆናል፤ ሙቀቱ በጣም ሲጨምር ኦክሳይዱ ተኖ ይሄዳል። ከላይ መከላከያ ካላደረጋችሁለት አትመኑት።

ሩቴኒየምና አሉሚኒየም ግማሽ በግማሽ ሲዋሃዱ የሚሰጡት ቅይጥ ድሬስደን ውስጥ በደንብ ተጠንቷል። 2,000 ዲግሪ ካለፈ በኋላ ነው የሚቀልጠው። ውስጡ ያለው አሉሚኒየም ወደ ገጹ ወጥቶ አሉሚና (የአሉሚኒየም ኦክሳይድ) ይሠራል፤ ይህ ለራሱ ቆዳ ይሆንለታል። ችግሩ ቆዳው ሲወፍር ከስሩ ያለው ፊልም አሉሚኒየም ያጥረዋል። ስለዚህ ከላይም ከታችም መከላከያ ይፈልጋል። ከፕላቲነም የቀለለ መሆኑ ግን ለሞገዱ ጥሩ ነው።

ቱንግስተንና ሞሊብዲነም ለቫክዩምና ለማይነካካ ጋዝ ብቻ ናቸው። የሞሊብዲነም ኦክሳይድ ሲግል ይተናል። ምድጃው አየር ካለው ጣቶቹ ቃል በቃል በንነው ይጠፋሉ።

ደረጃ 5፦ ማጣበቂያውን አትናቁ

ፕላቲነም ላንጋሳይት ላይ ብቻውን አይዝም። በቴፕ ስባችሁ ልታነሱት ትችላላችሁ። ስለዚህ ከስሩ ከ5 እስከ 10 ናኖሜትር የሌላ ብረት ማጣበቂያ ይደረጋል።

የማይክሮቺፕ ልምድ ያለው ሰው ወዲያው ታይታኒየም ይላል። እኔም ብያለሁ። ለክፍል ሙቀት በጣም ጥሩ ነው። ከ600 ዲግሪ በላይ ግን ታይታኒየሙ በፕላቲነሙ ቅንጣቶች ድንበር በኩል ሾልኮ ይወጣል፤ እዚያው ኦክሳይድ ሆኖ ይቀራል። ስሩ የነበረው ማጣበቂያ የለም ማለት ነው። ዚርኮኒየም ወይም ታንታለም አድርጉ። ሁለቱም ቦታቸውን ይጠብቃሉ። በዚያው ደግሞ አታብዙ። ማጣበቂያው ኦክሳይድ ሲሆን ያብጣል፤ ወፍራም ከሆነ ፊልሙን ይገፋዋል። ማጣበቂያውንና ዋናውን ፊልም ቫክዩሙን ሳትከፍቱ በተከታታይ ዘርጉ። አንዴ አየር ከነካው ማጣበቂያ መሆኑ ቀርቷል።

ደረጃ 6፦ ሴንሰር ከመሥራታችሁ በፊት ምስክር አስቀምጡ

ሰዎች ይህን ደረጃ ይዘሉታል። አትዝለሉት። ላንጋሳይት ውድ ነው፣ ጊዜ ደግሞ ከሱ ይበልጣል።

ዋፈሩን አንድ ሴንቲሜትር በአንድ ሴንቲሜትር አድርጋችሁ ቁረጡ። ምስክር ናሙና እንላቸዋለን። በእያንዳንዱ ላይ የምታወዳድሩትን ፊልም ዘርጉ፦ አንዱ ንጹሕ ፕላቲነም፣ አንዱ ዚርኮኒያ ያለበት፣ አንዱ ሽፋን የተደረገበት። የናሙናውን ግማሽ ሜዳ ተዉት፤ ፊልሙ ሳይቆራረጥ እንደተዘረጋ ይቆይ። በሌላው ግማሽ ሴንሰሩ ላይ የሚኖረውን የጣት ስፋት የያዙ መስመሮች አትሙ። መስመር ከሜዳ ቀድሞ ይበላሻል፤ ጠርዝ ስላለው። ሜዳውን ብቻ የፈተነ ሰው የሚያገኘው መልስ ከእውነታው የተሻለ ነው።

በአንድ ጥግ ላይ በአልማዝ ጫፍ ምልክት ጫሩ። ሁልጊዜ ከምልክቱ ተነስታችሁ ያንኑ ቦታ ነው ፎቶ የምታነሱት።

ሬዚስታንሱን በአራት መርፌ ለኩ። አራት መርፌ በእኩል ርቀት ተደርድረው ፊልሙ ላይ ያርፋሉ። በዳር ሁለቱ ጅረት ታስገባላችሁ፤ በመካከል ሁለቱ ቮልቴጅ ታነባላችሁ። ለሰፊ ፊልም ቮልቴጁን ለጅረቱ አካፍላችሁ በ4.53 ስታባዙ የካሬውን ሬዚስታንስ ታገኛላችሁ። ናሙናው ትንሽ ስለሆነ ቁጥሩ ትንሽ ይዛባል። ግን ሁልጊዜ መሃሉ ላይ ከለካችሁ ለውጡን በትክክል ታያላችሁ፤ እኛ የምንፈልገው ለውጡን ነው። ለማነጻጸሪያ፣ 100 ናኖሜትር ፕላቲነም እንደ ጥቅል ብረቱ ቢሆን በካሬ 1.06 ኦም ነበር። ስስ ፊልም ሁልጊዜ ከዚያ ይበልጣል።

ከዚያ ወደ ምድጃ። በደቂቃ 5 ዲግሪ አሙቁ። 600 ላይ አንድ ሰዓት አቆዩ፣ በዝግታ አቀዝቅዙ፣ አውጡ፣ ለኩ፣ ፎቶ አንሱ። 700 ላይ ድገሙ። 750፣ 800፣ 850። ምድጃው ላይ ያለውን ቁጥር ብቻ አትመኑ፤ ከናሙናው አጠገብ ቴርሞካፕል (ከሁለት ብረት ሽቦ የተሠራ የሙቀት መለኪያ) አስቀምጡ።

መጀመሪያ ላይ ሬዚስታንሱ ቢቀንስ አትደነቁ። ቅንጣቶቹ እየተስተካከሉ ነው፤ ጤነኛ ምልክት ነው። ከዚያ በየደረጃው እየጨመረ ከመጣ ቦዩ ተጀምሯል። በአንዴ አሥር እጥፍ ከዘለለ ዓይኖቹ ተገናኝተዋል። ማይክሮስኮፑ ከሬዚስታንሱ ቀድሞ ይነግራችኋል። የጠቆሩ ጥቃቅን ነጥቦች ስታዩ ገና ጅረቱ ደህና ያልፋል። እነዚያን ነጥቦች በቁጥር መዝግቡ።

የአንድ ሰዓት ፈተና ያለፈውን 24 ሰዓት፣ ከዚያ 100 ሰዓት አቆዩት። የአንድ ሰዓት ውጤት ይዞ ስለ ወራት መናገር አይቻልም።

ደረጃ 7፦ ጣቶቹን አትሙ

ፕላቲነምን በአሲድ መቅረጽ ከባድ ነው፤ የሚበላው የጋለ አኳ ሬጂያ (የናይትሪክና የሃይድሮክሎሪክ አሲድ ድብልቅ) ነው። አሲድ ደግሞ ላንጋሳይቱንም ይነካዋል። ስለዚህ በሊፍት ኦፍ ነው የምንሠራው። መጀመሪያ ፎቶሬዚስት (ብርሃን ሲነካው ጠባዩ የሚለወጥ ሽፋን) ላይ የጣቶቹ ቅርጽ ይከፈታል፤ ከዚያ ብረቱ በሁሉም ላይ ይዘራል፤ በመጨረሻ ፎቶሬዚስቱ ሲሟሟ ከላዩ ያለውን ብረት ይዞ ይሄዳል።

ዋፈሩን በአሴቶን፣ በአይሶፕሮፓኖል፣ በንጹሕ ውሃ እጠቡና በናይትሮጅን አድርቁ። ፎቶሬዚስቱ ሲጋገር ላንጋሳይቱን በቀጥታ የጋለ ሳህን ላይ አትጣሉት። ሙቀት በቶሎ አያሰራጭም፤ ድንገት ሲሞቅ ይሰነጠቃል። ከቀዝቃዛ ሳህን ተነሱና አብራችሁ አሙቁት።

የፎቶሬዚስቱ ግድግዳ ወደ ውስጥ የተቆረጠ መሆን አለበት። ማለትም ፎቶሬዚስቱ ራሱ ከላይ ሰፊ፣ ከታች ጠባብ። ውፍረቱም ቢያንስ የብረቱን ሦስት እጥፍ ይሁን። ቅርጹ ከወጣ በኋላ አጭር የኦክስጅን ፕላዝማ ስጡት። ጣቱ የሚያርፍበት ቦታ ላይ ለዓይን የማይታይ የፎቶሬዚስት ጭላጭ ከቀረ፣ 800 ዲግሪ ላይ ፊልሙን የሚያነሳው እሱ ነው።

ለመዘርጋት ኤሌክትሮን ቢም (ብረቱን በኤሌክትሮን ጨረር አግሎ ማትነን) ከስፐተሪንግ (ብረቱን በአየኖች ደብድቦ መርጨት) ይሻላል። ብረቱ በቀጥታ መስመር ስለሚመጣ ግድግዳውን አይለብስም። ዚርኮኒያ ላለበት ፊልም ሁለት ምንጭ ያስፈልጋል። ከአንዱ ፕላቲነምና ሮዲየም፣ ከሌላው ዚርኮኒየም በአንድ ጊዜ ይተናሉ፤ ጥቂት ኦክስጅን ስትለቁ ዚርኮኒየሙ እየዘነበ ኦክሳይድ ይሆናል። ሁለት ምንጭ ከሌላችሁ ተራ በተራ ዘርጉ። ስስ የፕላቲነም ንብር፣ በጣም ስስ የኦክሳይድ ንብር፣ እንደገና ፕላቲነም። የመጨረሻው ፕላቲነም ይሁን፤ ሽቦ የሚያያዘው እዚያ ነው።

እዚህ ጋ አንድ ጥንቃቄ። ፕላቲነም ለመተን በጣም መጋል አለበት፤ ከምንጩ የሚመጣው ጨረር ፎቶሬዚስቱን ይጋግረዋል። የተጋገረ ፎቶሬዚስት በአሴቶን አይለቅም። በየ30 ናኖሜትሩ ቆም በሉ፣ ዋፈሩ ይቀዝቅዝ፣ ቀጥሉ። ቀኑ ይረዝማል፤ ሥራው ግን አይበላሽም።

ደረጃ 8፦ ሸፍኑት፣ ከዚያ አስረጁት

ከላይ ስስ የአሉሚና ሽፋን አድርጉ። በአቶሚክ ሌየር ዲፖዚሽን (ከጋዝ እጅግ ስስ ንብር በንብር እየደረበ በሚያለብስ ዘዴ) ከ20 እስከ 50 ናኖሜትር ይበቃል። ይህ ዘዴ የጣቶቹን ጎንና ጠርዝ ሳይቀር ያለብሳል። ሽፋኑ የብረቱን አቶሞች ከላይ ሆኖ ይዟቸዋል፤ መንከራተት አይችሉም። ክሪስታሉንም ይጠቅመዋል። ኦክስጅን ባነሰበት ጋለ ጋዝ ላንጋሳይት ጋሊየሙን ያጣል፤ ሽፋኑ ያንን ያዘገያል። አታወፍሩት እንጂ። አሉሚናው ሲዘረጋ ክሪስታል አይደለም፤ ከ800 ዲግሪ ወዲያ ግን ክሪስታል ወደ መሆን ሲሄድ ይኮማተራል፣ ወፍራም ከሆነ ይሰነጠቃል። ሽቦ የሚያርፍባቸውን ሜዳዎች ክፍት ተዉ።

ቀጥሎ ሴንሰሩን ከሚሠራበት ሙቀት 50 ዲግሪ ከፍ አድርጋችሁ ለሰዓታት አቆዩት። በዝግታ አሙቁ፣ በዝግታ አቀዝቅዙ። ከዚህ በኋላ ፍሪኩዌንሲው ከነበረበት ይለወጣል። ያ የሚጠበቅ ነው። ጭነቱ ተራግፏል፣ ማጣበቂያው ኦክሳይድ ሆኗል፣ ቅንጣቶቹ ቦታቸውን ይዘዋል። የሙቀትና የፍሪኩዌንሲ ሠንጠረዣችሁን የምትሠሩት ከዚህ በኋላ ብቻ ነው።

ደረጃ 9፦ ሽቦው

አንዴ ሁለት ሳምንት የፈጀ ሴንሰር በአንድ ሌሊት አጣሁ። ኤሌክትሮዱ ጤነኛ ነበር። ሽቦውን ያያዝኩት በብር ፔስት ነበር። ብር 961 ዲግሪ ላይ ነው የሚቀልጠው፤ እኔ ደግሞ 750 ላይ ነበርኩ። ጠዋት ሳየው ብሩ ከሜዳው ተነስቶ በጣቶቹ መካከል ተንሸራቷል። ብር በጋለ ገጽ ላይ ይጓዛል። አትጠቀሙት።

ሽቦውም ሜዳውም አንድ ቤተሰብ ይሁኑ። 25 ማይክሮን የፕላቲነም ሽቦ ከፕላቲነም ሜዳ ጋር። የወርቅ ሽቦ በዚያ ሙቀት ይለሰልሳል፤ ከፕላቲነሙም ጋር ይቀላቀላል። ሜዳውን ለብቻው በሁለተኛ ዙር አወፍሩት። ሽቦው ሲጫን ስስ ሜዳ ይቀደዳል። ሴንሰሩን የሚይዘው ነገር አሉሚና ሴራሚክ ይሁን። ክሪስታሉን አጥብቃችሁ አትለጥፉት። በአንድ ጫፍ ብቻ ያዙት፤ ሲለጠጥ የሚሄድበት ይኑረው።

ደረጃ 10፦ ምድጃ ውስጥ አዳምጡት

ሴንሰሩን ከኔትወርክ አናላይዘር (በየፍሪኩዌንሲው ምላሹን ከሚለካ መሣሪያ) ጋር አያይዙ። ተራ ኬብል ምድጃ ውስጥ አይገባም። የጋለውን ክፍል በሴራሚክ ቱቦ ውስጥ ባለፈ የፕላቲነም ሽቦ ተሻገሩ። አጠገቡ ኤስ ዓይነት ቴርሞካፕል አድርጉ። አንዱ ክንፉ ፕላቲነም፣ ሌላው 10 በመቶ ሮዲየም ያለው ፕላቲነም ስለሆነ ሙቀቱን ያለ ችግር ይችላል።

ሁለት ቁጥር በየአምስት ደቂቃው መዝግቡ፦ የሬዞናንሱን (ሴንሰሩ በጣም አጥብቆ የሚንቀጠቀጥበትን) ፍሪኩዌንሲና የሬዞናንሱን ጥልቀት። ሁለቱ የሚናገሩት የተለያየ ነገር ነው። ቴርሞካፕሉ ቆሞ ፍሪኩዌንሲው በአንድ አቅጣጫ ቀስ እያለ ከተንሸራተተ ፊልሙ ወይም ክሪስታሉ ገና እየተለወጠ ነው፤ ማስረጀቱ አላለቀም። ጥልቀቱ ቀስ በቀስ እየጠፋ ከሄደ የጣቶቹ ሬዚስታንስ እየጨመረ ነው። ጥልቀቱ በአንዴ ከጠፋና ሲቀዘቅዝ ከተመለሰ ጣቶቹን አትጠርጥሩ፤ ሽቦው ላልቷል።

ሙከራው ሲያበቃ ሴንሰሩን አትጣሉት። ማይክሮስኮፕ ስር አስገቡና ምስክር ናሙናው ላይ ያያችሁትን ነጥብ ፈልጉ። መጀመሪያ የጣቶቹን ጫፍ፣ ከዚያ ጣት ከሜዳ የሚገናኝበትን ማዕዘን እዩ። መበላሸት በብዛት የሚጀምረው እዚያ ነው። ነጥቦቹ የታዩት ጫፍ ላይ ብቻ ከሆነ በሚቀጥለው ማስክ (የጣቶቹ ቅርጽ የሚታተምበት አብነት) ላይ ማዕዘኖቹን ክብ አድርጓቸው። መሃል ላይ ከታዩ ግን ችግሩ ፊልሙ ነው። ወደ ደረጃ 6 ተመለሱ፤ የዚርኮኒያውን ድርሻ ትንሽ ጨምሩና አዲስ ምስክር አስቀምጡ።